«ልጅቷን መኪና ያስመልሳታል?»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ የሐኪም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በቅርቡ የመጡት እናት የልጅ ልጃቸው በባጃጅ አደጋ መንጋጋዋ ተሰብሮ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላታል። «ልጅቷን መኪና ያስመልሳታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ነካሽ ሲስተር፣ ፌስታል ሳንይዝ ክፍለ ሀገር ሄደን አናውቅም» አሉኝ ግር ብሏቸው።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። በመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚዋጥ ደም ጨጓራን ያስቆጣል። ላይኛውና ታችኛው መንጋጋ በሽቦ ከታሰረ ደግሞ ትውከቱ እንደ ልብ መውጫ አያገኝም፤ ወደ ሳንባ ከገባ ለሕይወት ያሰጋል። እኔ በሠራሁበት ክፍል የሽቦ መቁረጫ ከታካሚው ራስጌ የማይለየው ለዚህ ነበር።

ከሰመመን በኋላ ለማቅለሽለሽና ለማስታወክ በይበልጥ የሚያጋልጡት አራት ነገሮች ናቸው፦ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ መኪና የሚያስመልሰው ወይም ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያስመለሰው መሆን፣ እንዲሁም እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ መውሰድ። መከላከያ ካልተሰጠ፣ አንዱም ከሌለባቸው 100 ሰዎች 10 ያህሉን፣ አራቱም ካሉባቸው 80 ያህሉን ይይዛል። ልጅቷ ገና ከቤቷ ሳትወጣ ሦስቱን ይዛለች።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ምርጫ አለው። በሚተነፈስ ጋዝ ፋንታ በደም ሥር በሚሰጥ ፕሮፖፎል ሊያስተኛት ይችላል። ሲጀምር ዴክሳሜታዞን፣ ሊያበቃ ሲል ኦንዳንሴትሮን ይሰጣታል። መንጋጋዋ አካባቢ የማደንዘዣ መርፌ ከተወጋችና ፓራሲታሞል ከተጨመረላት የሞርፊኑ መጠን ይቀንሳል። ሳትነቃም ጨጓራዋ ውስጥ ያለው ደም በቱቦ ይመጠጣል። ሁሉም መድኃኒት በየሆስፒታሉ ባይገኝ እንኳ፣ ካለው መርጦ ማጣመር ይቻላል።

እኛ አዛውንቶች ሐኪም ፊት ብዙ መናገር ድፍረት ይመስለናል። «እነሱ ያውቃሉ» ብለን ዝም እንላለን። የልጃችን ሆድ በመኪና ጉዞ ምን እንደሚሆን ግን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ማደንዘዣ ሰጪው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊያናግራችሁ ሲመጣ ሳይጠይቃችሁም ንገሩት። ከነቃች በኋላ ካቅለሸለሻት ደግሞ በጀርባዋ አታስተኟት፤ ወደ ጎን አዙሯትና ቶሎ ነርስ ጥሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!