በሰው ትከሻ ወደ ደብረ ታቦር

እኔ ዛሬ በሕይወት ያለሁት መኪና ደርሶልኝ አይደለም። ከጉና ሥር ካለች አንዲት ቀበሌ እስከ አስፋልቱ ድረስ በትከሻቸው ያወረዱኝ ገበሬዎች ስለነበሩ ነው። ይህን የምጽፈው እነሱን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ምስጋናዬን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አደርሳለሁ። ምጥ በያዘኝ ሌሊት ያየሁትን ሌሎች እናቶች ዛሬም ያዩታል፤ እነዚያ ትከሻዎችም ከዓመት ዓመት እየሳሱ ነው። ለዚህ ነው የምመሰክረው።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጉና ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ነው፤ ከፍታው ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ገብሱና ድንቹ፣ ውርጩና ጭጋጉ የደጋ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደውን ዋና መንገድ የሠሩት በደርግ ዘመን የመጡ ቻይናዎች ናቸው። አስፋልቱ ዳር የሚኖር ሰው የራሱ መኪና ባይኖረውም መኪና አያጣም፤ ሚኒባሱም፣ ቅጥቅጡም፣ አይሱዙም በደጁ ያልፋል። ከአስፋልቱ ወደ ተራራው ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው እግር ነው፤ አቅም ላለው በቅሎ። አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት እዚያ ነበር፤ ደመወዜን ለመቀበል፣ እናቴን ለማየት፣ ለልብስ ሳሙና እንኳ በእግሬ ወርጄ በእግሬ እወጣ ነበር። ይህ ችግር ቢሆንም ይለመዳል። ሲታመሙ ነው የማይለመደው።

ተማሪዎቼን ስለ ጋፋት ማስተማር ደስ ይለኝ ነበር፤ ጋፋት ለደብረ ታቦር ቅርብ ናትና የሩቅ ታሪክ አይመስላቸውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ በመንኮራኩር አስጭነው በሰው ጉልበት አስጎተቱት። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት፤ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ። አንድ ቀን ይህን ስናገር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ምነው በእኛ በኩል ባለፉ!» አለኝ። በእነሱ በኩል ቢያልፉ መንገድ ይኖራቸው ነበር ማለቱ ነው። ልጁ የዚያን አገር ችግር ከማንም በላይ አሳጥሮ የተናገረ ይመስለኛል።

ጊዜው ሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ፈተና ላይ ነበርን። ሐሳቤ ትምህርት ሲዘጋ ደብረ ታቦር ወርጄ እናቴ ዘንድ ሆኜ ሐኪም ቤት ልወልድ ነበር፤ የተቆጠረልኝ ቀን ሐምሌ መጨረሻ ነው። ምጡ ቀድሞ መጣ። ማታ የእንሽርት ውሃ ፈሰሰ። አከራዬ እማማ እሳት አነደዱ፤ ጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡና «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባትሪ ይዛ በዚያ ጭቃ መጣች። በሁለት እጇ ሆዴን ዳበሰችና ዝም አለች። ደግማ ዳበሰች። ከዚያ ወደ እማማ ዞራ «ተጋድሟል፤ እዚህ አይወለድም» አለች።

ስልክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። አንድ ጎረምሳ እየሮጠ ወጥቶ ደወለ። የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ አምቡላንሷ ሌላ እናት ልታመጣ ሄዳለች፤ ብትመለስም በዚህ ዝናብ ወደ እናንተ አትወጣም፤ አስፋልት አውርዷት። ያን መልስ በሰጠው ሰው አልፈርድም። መኪናዋ አንዲት ናት፤ ወደ እኛ የሚወጣው ጥርጊያም ለበጋ ብቻ የሚያገለግል ነበር።

በእድሩ ደንብ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። ያን ሌሊት ጥሩምባ ነፊው ሰው ለመጥራት ሲነሣ የእድሩ ዳኛ ከለከሉት። «በነፍስ ላለች ሴት አይነፋም» አሉና ልጆች በየቤቱ እየሮጡ እንዲቀሰቅሱ ላኩ። ይህን የሰማሁት አልጋ ላይ ሆኜ ነው፤ የሽማግሌው ቃል ከመድኃኒት ያልተናነሰ ኃይል ሰጠኝ።

ቃሬዛው ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጠናዎች ናቸው፤ መሐሉ በጠፍር የተጠላለፈ። ጭድ ጎዘጎዙበት፣ አጎዛ አነጠፉበት፣ እኔን በጋቢ ጠቀለሉኝና ከላይ የእረኛ ገሳ ደረቡልኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በግራ ጎኔ አስተኛችኝ፤ በጀርባዬ ብተኛ ማኅፀኑ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ልጁ ደም እንደሚያጥረው ኋላ ነው የተረዳሁት። እንዳልወድቅ በመቀነት አሰሩኝ። እማማ ግንባሬን ስመው «በሽልም ታውጣሽ» አሉኝ፤ ወጣን።

ሰው መሸከም ዕውቀት መሆኑን ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። አራት ሰው ከሥር ይገባል፤ የቀሩት በጎንና በኋላ ይከተላሉ። የደከመው «ተቀበል» ይላል፤ ቃሬዛው ሳይቆም ሌላ ትከሻ ይተካል። ባትሪ የያዘው ከፊት እየሄደ «ድንጋይ!» «ገደል በግራ!» እያለ ይጣራል። ቁልቁለቱ ሲብስ ከፊት ያሉት አጠናውን በክንዳቸው ወደ ላይ ያነሡታል፤ ከኋላ ያሉት እስከ ጉልበታቸው ያወርዱታል፤ እኔ ሜዳ ላይ እንደተኛሁ እንድሆን ነው። አንዱ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ወድቆም ትከሻውን ከአጠናው አላነሣም። ምጡ ሲመጣ እጮኻለሁ። መጀመሪያ ስጮኽ አዝነው ይቆሙ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ «አትቁሙ፤ ብትጮኽም ሂዱ» ብለው ተቆጧቸው። በየመንደሩ ስናልፍ ውሻ ይጮኻል፣ በር ይከፈታል፣ «ማናት?» ይባላል፤ ስሜን የማያውቅ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ወጥቶ ትከሻውን ይሰጣል። በዚያ አገር ቃሬዛ አይቶ ማለፍ ነውር ነው።

ከአስፋልቱ በፊት ወደ ርብ የሚገባ ወንዝ አለ። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፤ ያን ሌሊት ሞልቶ ጠበቀን። ቃሬዛውን ዳር ላይ አሳረፉና ውሃው እስኪቀንስ ቆምን። የሞት ፍርሃት የያዘኝ እዚህ ነው። ሲሸከሙኝ ቢያንስ እየሄድኩ ነበር። ትንሽ ጎደል ሲል ሁለት ጎረምሶች መጫኛ ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ፤ ማዶ ደርሰው ጫፉን ከዛፍ ጋር አሰሩት። የቀሩት ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው መጫኛውን ተደግፈው ተሻገሩ። ውሃው ደረታቸው ላይ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዋና አትችልም፤ መጫኛውን ይዛ ከኋላዬ ተሻገረች።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ነግቷል። አምቡላንሷ አልተመለሰችም። መኪኖች ያልፋሉ፤ ቃሬዛ አይተው ፍጥነት የጨመሩ ነበሩ። በመጨረሻ ድንች የጫነ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ቃሬዛውን እንዳለ ጆንያዎቹ ላይ አስጫነና እያብለጨለጨ ነዳ። ደብረ ታቦር በቀዶ ጥገና ወለድኩ። ማኅፀኔ ለመቀደድ ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ሐኪሟ ኋላ ነገረችኝ። ደም አስፈልጎኝ ነበር፤ ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ፣ ሌሊቱን እንደዚያ አድረው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጡ። ልጄ ሴት ናት፤ ዛሬ ተማሪ ነች። ሰዎቹ ልጅቷን አይተው በዚያው ዕለት ቃሬዛቸውን ይዘው ተመለሱ። ቃሬዛው የእድሩ ነው፤ ማታውኑ ለሌላ ሰው ሊያስፈልግ ይችላል።

የጤና ባለሙያዎች ወላድ እናት የምትሞትባቸው ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፦ ለመሄድ መወሰን ሲዘገይ፣ መድረስ ሲዘገይ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናው ሲዘገይ። የእኔ ሁለተኛው ነበር። እኔ ተርፌያለሁ፤ እንደኔ ዘግይተው በሕይወት የሚደርሱ ግን ልጃቸውን አጥተው፣ ሽንት መቆጣጠር የማያስችል ፊስቱላ ይዘው የሚቀሩ አሉ። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የተከፈተው ለእነሱ ነው። በአገር ደረጃ ብዙ መሻሻሉን አልክድም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ነገር ግን በዚያው በ2008 ጥናት ከ100 ወሊዶች ጤና ተቋም የተወለዱት 26 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ባለማወቅ ነው የቀሩት የሚል ሰው ያን ወንዝ በሰኔ ይሻገር እላለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። መንገዱ የሚዘጋው በክረምት ነው፤ የሰሊጥ አረም የሚደርሰውም በክረምት ነው። ስለዚህ ቃሬዛ በጣም በሚፈለግበት ወር ጎረምሳው መተማና ሁመራ ቀን ሥራ ሄዷል። ባለፈው ሰኔ ወደ መንደሩ ስወጣ የእድሩ ዳኛ ጣታቸውን እየቆጠሩ ቤት የቀሩትን ወንዶች ነገሩኝ፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ከዚህ ላይ ደግሞ በክልላችን በአማራ የተነሣው ጦርነት አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር አስፋልቱ ዳር ያለውም ሰው እንደ ተራራው ሰው ሆኗል። ባጃጅ ሲቆም፣ አውቶቡስ ሲቀር፣ ከተማ ውስጥ ያለች ነፍሰ ጡር ጭምር በእግሯ ወይም በሰው ትከሻ ናት። ሕመምተኛ የጫነ መኪና የማንም ወገን አይደለም፤ ይለፍ።

እህቶቼ፣ ጤና ጣቢያ አጠገብ የእናቶች ማቆያ ካለ ቀናችሁ ሳይደርስ፣ ወንዝ ሳይሞላ ውረዱ፤ ባሎችና አማቶችም «ቤቱን ማን ያየዋል» ብላችሁ አታስቀሯቸው። ሹፌሮች፣ መንገድ ዳር ቃሬዛ ስታዩ ቁሙ። በጀት የምትይዙ ደግሞ መንገድ ተሠራ ከማለታችሁ በፊት በሐምሌ ሄዳችሁ እዩት። እኔ የተሻገርኩበት ወንዝ ላይ እስከ ዛሬ ድልድይ የለም።