ለጦሬ ስከራከር

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በኢንተርኔት ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን እስከ ዛሬ ተጫዋች አላጣም። ስትጀምር አንድ ሰው ትፈጥርና ሙያ ትሰጠዋለህ፤ ተዋጊ፣ ካህን፣ አስማተኛ፣ አዳኝ። በሙያው ውስጥ ደግሞ ተጫዋቾች ስፔክ የምንለውን ዘርፍ ትመርጣለህ። እኔ አዳኝ ነኝ። አዳኝ ሦስት ስፔክ አለው። ሁለቱ በቀስት ወይም በጠመንጃ ከሩቅ ይተኩሳሉ። ሦስተኛው ሰርቫይቫል ይባላል፤ ጦር ይዞ ጠላት አፍንጫ ሥር ገብቶ ይወጋል። ይህን ሦስተኛውን የሚመርጥ አዳኝ ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ለዚህ ምርጫዬ ሽንጤን ገትሬ ስከራከር ብዙ ሰው አድክሜያለሁ።

ለምን እንደማይወደድ አሁን በግልጽ ልናገር፤ ስከራከር አልተናገርኩትምና። ሰርቫይቫል ለዓመታት ከሩቅ የሚተኩስ ስፔክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሊጅን ከተባለው ማስፋፊያ ጋር ቀስቱ ተወስዶ ጦር ተሰጠው። የድሮውን የወደዱ አዳኞች ቅሬታቸው እስካሁን አልወጣላቸውም። ከዚያ በላይ ግን የቦታ ጉዳይ አለ። ደንጅን በሚባለው የጠላት ምሽግ ውስጥ የሚገባው አምስት ሰው ነው፦ አንዱ ታንክ ሆኖ ምት ይቀበላል፣ አንዱ ሂለር ሆኖ ቁስል ይፈውሳል፣ ሦስቱ ይመታሉ። እኔ በገባሁበት፣ ባትል ፎር አዜሮት በተባለው ማስፋፊያ ዘመን በጨዋታው ውስጥ 36 ስፔኮች ነበሩ። ከእነዚህ 13ቱ ተጠግተው የሚመቱ፣ 11ዱ ከሩቅ የሚመቱ ናቸው። በጠላት እግር ሥር የሚሻማው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቡድን የሚያሰባስብ ሰው፣ አዳኝ ከወሰድኩ ለምን ቀስተኛውን አልወስድም ቢል እውነቱን ነው። ቢስት ማስተሪ የሚባለው ቀስተኛ እየሮጠ ከ40 ያርድ ላይ ይተኩሳል። እኔ ለመውጋት 5 ያርድ ድረስ መጠጋት አለብኝ።

ያኔ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ሲቀንስ፣ እስከዚያ ከሰው ስሰማው የነበረውን ጨዋታ መሞከር የሚቻል መሰለኝ። ጨዋታው እንዳለ በኢንተርኔት የሚወርድ አልነበረም፤ በጣም ከባድ ነው። ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ተጭኖ መጣልኝ። ወርሃዊ ክፍያውን ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ ይከፍልልኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ አምስት ሆነን ተሰባሰብን። ታንካችን አዲስ አበባ ሰሚት የሚኖር ልጅ ነው። አስማተኛው ገርጂ ነው ያለው። ቀልጣፋ ጩቤኛ የነበረው ሌላው ፍራንክፈርት ይኖራል። ሂለራችን ከሁላችን በዕድሜ ትበልጣለች፤ ስቶክሆልም የምትሠራ የልጆች እናት ናት፤ ሁላችንም እህታችን እንላታለን። የምትጫወተው ልጆቿን አስተኝታ ነው።

ክርክሬን የጀመርኩት በቁጥር ነው። በጨዋታው ውስጥ ማን ስንት እንደመታ የሚቆጥር መሣሪያ አለ። ጠላቶች ተከማችተው ቦምቤ መሐላቸው ሲፈነዳ ስሜ ከላይ ይወጣል፤ ያንን ስክሪን አንስቼ ለቡድኑ እልካለሁ። ቦስ የሚባለው የደንጅኑ ዋና ጠላት ላይ ስንደርስ ስሜ ከታች ሲሆን ግን ስክሪኑን እዘጋዋለሁ። የላክሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያልላክሁት ግን ከላክሁት ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው ክርክሬ «ለቡድኑ የማመጣውን እዩ» የሚል ነበር። አብሮኝ የሚዋጋው እንስሳ ጩኸት የሁሉንም እጅ ያፈጥናል፣ በረዶ ወጥመዴ ጠላትን ያስራል እያልኩ እቆጥራለሁ። ሁለቱንም ቀስተኛው ያመጣቸዋል። ይህን አውቀው ነበር፤ ሌሎቹ እስኪያነሱት ግን ዝም እላለሁ። በእርግጥ የራሴ ብቻ የሆነ ነገርም ነበረኝ። የጠላትን ድግምት የማቋርጥበት መላ በየ15 ሰከንዱ ይመለስልኛል፤ የቀስተኛው 24 ሰከንድ ይፈጃል። በአንዳንድ ሳምንት ደግሞ ጨዋታው ከጠላት ርቀው በቆሙ ሰዎች እግር ሥር እሳት ያፈነዳ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ተጠግቶ መዋጋት ዕረፍት ነበር። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብናገር ኖሮ በቂ ነበሩ። ከውሸቱ ጋር ስለደባለቅኳቸው ግን የሚያምነኝ ጠፋ።

ሦስተኛውን ስናገር እስካሁን ያመኛል። ቁጥሩ ሲከዳኝ ወደ ዘር ገባሁ። እኔ የጌዶ ልጅ ነኝ፣ ሜጫ ኦሮሞ ነኝ፣ አባቶቼ በፈረስና በጦር የኖሩ ናቸው፣ ጦር መያዝ ለእኔ ጨዋታ አይደለም አልኩ። አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጦር ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ሰሚት ያለው ልጅ የልብ ምልክት መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ስፔኬ ማንም ምንም አላለም። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እንዲያ ካልኳቸው በኋላ «ቦስ ላይ አትረዳንም» ማለት አያቴን መንካት ሆኖባቸው ነበር። አፋቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ ጌዶ ነበርኩ። ጌዶ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ፊንጫ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ደጋ ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ይወርዳል፤ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። አንድ ምሽት መብራት በሌለበት በላፕቶፕ ባትሪና በስልክ ኢንተርኔት ገባሁ። ሰርቨሩ አውሮፓ ነው። ከአምቦ ስጫወት ትእዛዜ ደርሶ እስኪመለስ ያለው መዘግየት የሚቻል ነበር። ከጌዶ ያን ምሽት አይቻልም ነበር። ስክሪኔ ላይ የማየው ጠላት የቆመበትን ሳይሆን ከጥቂት ጊዜ በፊት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ነው። ከ40 ያርድ ለሚተኩስ ሰው ይህ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። ጦር ለያዘ ሰው ግን ከእሳት በመውጣትና እሳት ውስጥ በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የገባነው በእህታችን ኪይ ነው። ኪይ ማለት የደንጅኑን ክብደት የሚወስን ቁልፍ ነው። ያኔ በተሰጠህ ሰዓት ከጨረስክ ደረጃው ይወጣ፣ ካለፈብህ አንድ ደረጃ ይወርድ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥርም ከሰዓቱ 5 ሰከንድ ይቀነስ ነበር። ያንን ኪይ እዚያ ደረጃ ለማድረስ ብዙ ምሽት ለፍታበታለች። ደንጅኑ ፍሪሆልድ የተባለው የባሕር ወንበዴዎች ከተማ ነበር። ሳምንቱ ደግሞ የሞተ ጠላት የደም ኩሬ ጥሎ የሚሄድበት ነበር፤ ኩሬው እኛን ያቃጥል፣ በሕይወት የቀሩትን ጠላቶች ይፈውስ ነበር።

ከመግባታችን በፊት ታንኩ «ኔትወርክህ ደካማ ነው መሰለኝ፤ ዛሬ ቀስቱን ብትይዝስ?» አለኝ። ቀስቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከሊጅን ወዲህ ከውጊያ ውጭ ሆኖ ስፔክ መቀየር ነፃ ነው፤ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው። «በጦሩ ይሻላል፤ ታያላችሁ» አልኩት።

አዩ። የደሙ ኩሬ ውስጥ ቆሜ ኩሬው እኔ ዘንድ ገና አልታየኝም። የሻርክ ታጋዩ ቦስ ሻርኮቹን ይዞ ሲሽከረከር በአጠገቡ ያለ ሁሉ መሸሽ አለበት፤ እኔ መሽከርከሩን የማየው ከተመታሁ በኋላ ነበር። ደጋግሜ ወደቅሁ። እህታችን እኔን ለማዳን ስትል ታንኩ ሞተባት። የመጨረሻው ቦስ እንደቆመ ሰዓቱ አለቀ፣ ኪዩ ወረደ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም ስለ ኔትወርክ ነው። የፍራንክፈርቱ ሰላም ሳይል ወጣ። ሌሎቹም ወጡ።

እህታችን ቆየች። «ወንድሜ፣ ጦሩን ትወደዋለህ፤ እሱ ገብቶኛል። ይሻላል አትበለኝ ብቻ» አለችኝ። ከዚያ ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ ብላ ተሰናበተች።

መልስ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። የጻፍኩትን ሳነበው ያው የድሮው ክርክር ነው፤ ይሻላል፣ ይሻላል፣ ይሻላል። አጥፍቼ እንደገና ስጀምር ለምን እንደምወደው አንድም ቀን ነግሬያቸው እንደማላውቅ ታየኝ። የምወደው አንድ ነገር አለ። ያኔ ሞንጉስ ባይት፣ የሞንጉስ ንክሻ፣ የሚባል ምት ነበረው፤ በመታህ ቁጥር የሚቀጥለው ምት በ15 በመቶ ይከብድ፣ እስከ አምስት ይደራረብ ነበር። የተሰጠህ 14 ሰከንድ ነበር፤ ደጋግመህ ስለመታህ ጊዜው አይረዝምም ነበር። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ጉልበት ማጠራቀም፣ ቦምቡን ቀድመህ መወርወር፣ እንስሳህን መላክ ነበረብህ፤ ከጀመርክ በኋላ የሚባክን እጅ አልነበረም። አምስተኛው ላይ ደርሰህ ጊዜ ሲተርፍህ የሚሰማህን ደስታ ከሌላ ስፔክ አላገኘሁትም። እውነቱ ይህ ነው። ይህ ለእኔ ምክንያት ነው፤ ለእህታችን ኪይ ግን ምክንያት አይሆንም። ሁለቱን ለይቼ ስለማላውቅ የእኔን ደስታ የእነሱ ጥቅም አድርጌ ስሸጥላቸው ኖሬያለሁ።

ይህን ካየሁ በኋላ በጨዋታው ብቻ አላበቃም። ትምህርቴንም እንዲሁ ስከላከል ነበር። ዕፅዋት ሳይንስ ብዙ ተማሪ ተመድቦ እንጂ ወዶ የሚገባበት ክፍል አይደለም። አምቦ ላይ ደግሞ ነገሩ ታሪክ አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተጀመረው በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት ነው። እኔ በግብርና የተጀመረ ቤት ውስጥ ግብርና መናቁ ያንገበግበኝ ነበር። ስለዚህ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ከሁሉ የሚሻል ሙያ ነው፣ ሥራ ሞልቷል እላለሁ። ሥራ እንዳልሞላ አውቃለሁ።

በዚያው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነበርና እናቱ «ልጄ፣ ምን ይምረጥ? አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የትምህርቴን ጉድለት አስቀድሜ ለልጁ ነገርኩት። ስትመረቅ ሥራው ቶሎ አይመጣም፤ ሲመጣም ገጠር ቀበሌ ውስጥ የልማት ሠራተኛ ሆነህ ጭቃ ለጭቃ መሄድ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። ቀጥዬ የምወደውን ነገርኩት። ስንዴ ላይ ዋግ ሲወርድ ቅጠሉን ይዤ የትኛው ዋግ እንደሆነ መለየት፣ ቀድሞ የታየ እንደሆነ የአንድ ገበሬ ዓመት እንደሚተርፍ፣ እኛ አገር ጨሊያ ውስጥ ስንዴ የሚዘራ ሰው ይህን የሚነግረው ሰው እንደሚያስፈልገው። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ በፊት ስለ ትምህርቴ ስናገር እስከ መጨረሻ የሰማኝ ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። አካውንቲንግ መረጠ። እናቱ ስለነገርከን እግዜር ይስጥህ አሉኝ፤ እኔም ለልጁ ደስ አለኝ።

ወደ ቡድናችን ስመለስ ለእህታችን አጭር መልእክት ጻፍኩ። ኪይሽን ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ኔትወርኩ ደካማ መሆኑን ሳልገባ አውቅ ነበር አልኳት። ከዚያ በኋላ ከመግባታችን በፊት ያለውን እናገር ጀመር፦ ዛሬ ከየት ነው የገባሁት፣ መዘግየቱ ስንት ነው፣ ሳምንቱ ለጦር ይመቻል ወይስ አይመችም። ርቀው በቆሙት ላይ እሳት በሚፈነዳበት ሳምንት፣ ከአምቦ ከሆንኩ፣ ራሷ «ጦርህን ያዝ» ትለኝ ነበር። ከጌዶ ስሆን «ቀስት» ብላ ትጽፋለች፤ ቀስቴን እይዛለሁ። ብቻዬን ስጫወት፣ የማንም ኪይ በሌለበት፣ እስከ ዛሬ ከጦር ሌላ አልይዝም። ሰሚት ያለው ልጅ አንድ ቀን በገዛ ፈቃዱ አዳኝ ፈጥሮ ስለ ንክሻው አጠቃቀም ጠየቀኝ፤ ምሽቱን ሙሉ አሳየሁት። የፍራንክፈርቱ ግን ተመልሶ ከእኛ ጋር አልገባም። ጽፌለት ነበር፤ አልመለሰልኝም።