«ላሟ ወለደች?»

በራንች ላይ የሚካሄድ የፍቅርና የስጋት ልብወለድ አንዴ ከገባችሁ አሠራሩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ከከተማ ወደ ገጠር ትመለሳለች፤ አባቷ ሞቶ የከብት እርባታውን አውርሷታል። የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሌሊት አጥር ይቆረጣል፣ ከብት ይጠፋል፣ የድርቆሽ መጋዘን ይቃጠላል። ስልኳን ስታነሳ ኔትወርክ የለም። በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ አንድ ዝምተኛ ፈረሰኛ አለ፤ ታምራለህ እንዳትለው ትፈራዋለች፣ ሂድልኝ እንዳትለው ትፈልገዋለች።

ጥያቄዎቹ ሁለት ይመስላሉ። «ሊያጠፋኝ የሚፈልገው ማነው?» እና «ይወደኛል ወይ?»። ጎበዝ ጸሐፊ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፦ «ይህን ሰው ልመነው?»። ዳፍኒ ዱ ሞሪየር በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ሬቤካ» ውስጥም ፈረሰኛ ባይኖርም የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። ትልቅ የገጠር ቤት፣ ምስጢር የያዘ ባል፣ ከጎኑ ተኝታ ማንነቱን የምትጠይቅ ወጣት ሚስት።

እነዚህን መጻሕፍት መርጬ አይደለም ያነበብኳቸው። ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ መቐለ ስልክም፣ ኢንተርኔትም፣ ባንክም አልነበራትም። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ያለ ኢንተርኔት ሥራዬ ማለት ያለ ውሃ እንደ ማጠብ ነው። ቃላሚኖ ሓትኖይ (የእናቴ እህት) ቤት ገባሁ። በሰፈሩ አንድ ፍላሽ ይዞር ነበር፤ ፊልም፣ መዝሙር፣ የፈተና ጥያቄ፣ እና ማን እንደጫናቸው የማይታወቅ አሥራ አንድ የራንች ልብወለዶች። መብራት ሲጠፋ ስልኬን በሶላር እየሞላሁ አሥራ አንዱንም ጨረስኩ። ከዚያ ደገምኳቸው።

አትሳቁ። ተዘግቶበት የፍቅር ልብወለድ የሙጥኝ ያለ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ከእንግሊዝኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። የተረጎመው መጽሐፍ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጦርነትና ስለ አንድ የእርሻ መሬት ነው። ሰው ሲዘጋበት ለምን ስለ ሰፊ ሜዳ ማንበብ እንደሚያምረው ሶላር ፊት ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ።

ጊዜ ስለነበረኝ ታሪኩን ወደ ቃላሚኖ ለማምጣት ሞከርኩ። ማለትም በሐሳቤ። አልሆነልኝም።

መጀመሪያ መሬቱ እምቢ አለኝ። ራንቹ ላይ ክፉው ሰውዬ ሁልጊዜ መሬቱን መግዛት የሚፈልግ ነው። እኛ ጋ የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ፣ በኋላም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ካለ ወዲህ፣ ገበሬ ያለው የይዞታ መብት ነው። ሓትኖይን መሬቷን ሽጪልኝ ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ቢመጣ ቡና አፍልታ ሕጉን ታስረዳው ነበር።

ቀጥሎ ጎረቤት አስቸገረኝ። ራንቹ የሚያስፈራው ማንም ስለሌለ ነው። ቃላሚኖ ላይ እንግዳ ሰው መንገዱን ሳይጨርስ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ውሻ ይጮሃል፣ ልጆች ይከተሉታል፣ አንዷ በድንጋይ አጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች። በዚህ ሁሉ ዓይን መሐል ማን ይደበቃል?

ግን ስጋት የሚመጣው ከማይታወቅ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቡት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ሲያሳትሙት የደበቁብን ነፍሰ ገዳይ የለም። ጎጃም፣ ሰፊ ርስት፣ ፊታውራሪ መሸሻ፣ አንድ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል፣ አስተማሪዋ በዛብህ። ማን ማንን እንደሚከለክል ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ የዘር ቆጠራው በግልጽ ነው የሚቆጠረው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ሲነሱም ፊት ለፊት ነው። ሆኖም ትንፋሽ ያሳጥራል። የራንቹ አንባቢ «ማነው?» እያለ ገጽ ይገልጣል፤ የሰብለ አንባቢ «ታውቃላችሁ፣ ታዲያ ለምን አታቆሙትም?» እያለ ነው የሚገልጠው። የሀገራችን ስጋት ይሄኛው ይመስለኛል። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይነካውም።

ከራንቹ ዕቃዎች ሳይጎድል የተገኘልኝ አንድ ብቻ ነው፤ ኔትወርክ የሌለው ስልክ።

እዚህ ጋ ስለ አንድ ሰው ልናገር ነው። ስሙን አልጠራም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበር፤ የተዋወቅነው የሓትኖይን ላም ሊያይ መጥቶ ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ተማሪ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲላክ «ሁለት ሳምንት ነው» ብሎኝ ሄደ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ጀመረ፤ ስልክ ተቋረጠ። በመሐል ለጥቂት ወራት ድምፅ ብቻ ተመልሶ አወራን። በመጨረሻው ጥሪ ላሟ ከብዳለች አልኩት። ከዚያ መስመሩ ሞተ።

ወራት አልፈው የቀይ መስቀል መልእክት ደረሰኝ። ይህ ወረቀት አይታሸግም። በማን እጅ እንደሚያልፍ አታውቁም፣ የሚጻፍበትም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። ናፈቅሽኝ ብሎ አልጻፈም። ደህና ነኝ፣ እናቴ ደህና ናት፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ ካለ በኋላ መጨረሻ ላይ፦ «ላሟ ወለደች?»

ለእኔ ብቻ የተጻፈችው ያቺ ናት። ማንም ቢያነባት የላም ነገር ነች። እኔም በቅጹ ላይ መለስኩ፦ «ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት። ስም አላወጣንላትም።»

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመቐለ በረራውን ጀመረ፣ ስልክም በዚያው ሰሞን ተመለሰ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ያላየሁት ነገር ሁሉ በአንዴ ስልኬ ውስጥ ገባ። የእሱም ገጽ እዚያው ነበር።

በራንች ልብወለድ ውስጥ ይህች ምዕራፍ አትቀርም። ፈረሰኛው የሌለበት ሰዓት፣ የተቆለፈ መሳቢያ፣ ቁልፉ በእጇ። ሥራዬ የሰው ዳታ ማንበብ ነው፤ ወደ ታች መውረድ ለእኔ ምንም አይደለም። ወረድኩ። ኅዳር 2013 ላይ ሦስት መስመር ጽፏል። ስድብ የለበትም። በቶሎ እንደሚያልቅና የሚገባቸው እንደሆነ ይላል። ከሥሩ ሁለት መቶ ምናምን ላይክ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ባዶ ነው።

«የሚገባቸው» ውስጥ ሓትኖይ አለች። ጥጃዋም ሳትቀር አለችበት።

የካቲት ላይ በአውሮፕላን መጣ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሳልጠይቀው እሱ ጀመረ። «አይተሽዋል አይደል? አላጠፋሁትም። ማጥፋት እችል ነበር። አይተሽ እንድትወስኚ ነው።» ለምን ጻፍከው አልኩት። «ያን ሰሞን ዝም ያለ ሰው ያስፈራ ነበር፤ እኔም ፈራሁ። ደግሞ በከፊል አምኜበት ነበር» አለኝ። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ባይጨምራት ኖሮ ያኔውኑ ሸኝቼው ነበር።

ራንቹ የማይረዳኝ እዚህ ጋ ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ፈረሰኛው የሚጸዳው ሌላ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። አጥሩን የቆረጠው የባንኩ ሰውዬ ወይም የአጎት ልጅ ይሆንና ጥርጣሬው ሁሉ ይተናል፤ ሴትየዋ ይቅር የምትለው ነገር እንኳ አይተርፍላትም። እኔ ጋ ሦስተኛ ሰው የለም። የጻፈው እሱ ነው፣ ላሟን የጠየቀውም እሱ ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ሓትኖይ ጽሑፉን አታውቅም ነበር፤ እኔው ተርጉሜ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፦ «ጓለይ፣ ሸሽጎት ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝና ወደ በረቱ ሄደች። ወጥታ ግን ለሱ ቡና አላፈላችም። ያን ቀን አላፈላችም፤ በሦስተኛው ቀን አፈላች።

አሁን አብረን ነን። እሱ አዲስ አበባ ይሠራል፣ እኔ ከቃላሚኖ ሆኜ በኢንተርኔት፤ ሲመጣ የሰፈሩን ከብት በነፃ ያያል። ጽሑፉ ዛሬም ገጹ ላይ አለ። አጥፋው አላልኩትም፣ እሱም አላጠፋውም። አንዳንዴ ስንጣላ ትዝ ይለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወራት ያልፋሉ።

የሰፈሩ ልጆች ያንን ፍላሽ አሁንም ይጠይቁኛል። እሰጣቸዋለሁ። አንዷ ባለፈው «ስትጨርሺው ማነው ክፉው? ንገሪኝ» ብላኝ ነበር። የመጽሐፉን ነገርኳት።