የገደል ማሚቶና የተገለበጠ ድምፅ

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው የገደል ማሚቶን ያውቃል። ማዶ ለማዶ የሚጣሩ ሰዎች በየቃሉ መካከል ዝም ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመጀመሪያው ቃል ማሚቶ ሳያርፍ ሁለተኛው ከተከተለ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የሚላክ ድምፅ ችግሩ ከዚህ የባሰ ነው። የውኃው ገጽና የባሕሩ ወለል ድምፁን ወዲያና ወዲህ ያላጉታል። አንዲት አጭር ምት በብዙ መንገድ ተከፋፍላ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ፣ እንደ ረጅም ጉርምርምታ ትሰማለች። መሐንዲሶች ይህን ጉርምርምታ ለማጥፋት ብዙ ደክመዋል። የጊዜ ግልበጣ ዘዴ ግን ሊጠቀምበት ተነሣ።

በቁም የተንጠለጠሉ በርካታ መሣሪያዎች የደረሳቸውን ድምፅ ይመዘግቡና መጨረሻ የደረሰውን አስቀድመው፣ መጀመሪያ የደረሰውን አስከትለው መልሰው ይለቁታል። የሩቅ አገር ገበያተኛ በሌሊት፣ የቅርቡ ረፋድ ላይ ተነሥተው ቢቸና ገበያ እኩል እንደሚደርሱ፣ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው ድምፅ ቀድሞ፣ አጭሩን የሚሄደው ዘግይቶ ይነሣል፤ ሁሉም ምቷ በተነሣችበት ነጥብ ላይ ባንድ ቅጽበት ይገናኛሉ። የወለሉን ቅርጽ ማወቅ አያስፈልግም፤ መንገዱን ድምፁ ራሱ አጥንቶታል። መንገዱ በበዛ ቁጥርም የመገናኛው ነጥብ ይጠባል።

ማቲያስ ፊንክ በፓሪስ ቤተ ሙከራ፣ የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሞከረውን ሐሳብ ዊልያም ኩፐርማንና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ምዕራባዊ ጠረፍ፣ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በባሕር ፈተኑት። በተከታዩ ዓመት ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን አንድ ሳምንት የቆየ ቅጂ እንኳ ተገልብጦ ሲለቀቅ መነሻውን ማግኘቱ ነው።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም ተብሎ ነገሩ እዚህ ላይ ሊዘጋ አይገባም፤ ጣና አለ። እርግጥ የጣሊያኑን ሙከራ እንዳለ ማምጣት አይቻልም። በ445 ኸርዝ የተላከው ድምፅ በውኃ ውስጥ 3.4 ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት አለው፤ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ለዚህ ሞገድ ጥቂት መንገድ ብቻ ይሰጠዋል። ወደ 5,000 ኸርዝ ከፍ ቢል ግን ሞገዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆንና መንገዱ ይበዛለታል። ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ደግሞ እንዲህ ያለውን ድምፅ ከባሕር ውኃ እጅግ ባነሰ መጠን ይውጣል፤ ይህ ለጣና የተሰጠ ብልጫ ነው። ከወለሉ ላይ ደለል የሚለካ መሣሪያ መረጃውን ያለ ገመድ ወደ ዳር ሊልክበት ይችላል።

የሚያሰጋው ነፋስ ነው። ነፋስ የሐይቁን ገጽ ባናወጠ ጊዜ ሞገዱ የተመዘገበበት መንገድ ይለወጣል፣ ቅጂውም ያረጃል፤ ሞገዱ ባጠረ መጠን እርጅናው ይፈጥናል። ስለዚህ በጣና መጀመሪያ መለካት ያለበት ርቀቱ ሳይሆን የቅጂው ዕድሜ ነው፤ አንድ ጊዜ ንጋት ላይ ውኃው ጸጥ ባለበት፣ አንድ ጊዜም ነፋሱ በተነሣበት ሰዓት።