ስሌቱ ትክክል ነበር

ፍሬሽማን ሳለሁ የአንትሮፖሎጂ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከኋላ ተቀምጬ የካልኩለስ ጥያቄ እሠራ ነበር። «ይሄ ለኢንጂነር ምን ይጠቅማል?» እንባባል ነበር ከጓደኞቼ ጋር። ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩ፤ በማግስቱ ረሳሁት።

ተመርቄ በገጠር ውኃ ሥራ ተሰማራሁ። በአንድ ቀበሌ የእጅ ፓምፕ የሚተከልበትን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከርሰ ምድሩ ውኃ አለው፣ ለመንደሩ ቅርብ ነው፣ የቁፋሮ መኪናም ይገባል። ከወራት በኋላ ስመለስ ፓምፑ ደኅና ነው፤ የሚቀዳበት ሰው ግን የለም። ሴቶቹ እንደ ድሮው ጀሪካን አዝለው ወደ ሩቁ ምንጭ ይወርዳሉ።

አንዲት እናት ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ የተከላችሁት እኮ ጠላ ቤቶቹ ደጃፍ ነው። ሰካራም በሚውልበት ሴት ልጄን በምን አንጀቴ እልካለሁ? ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር።»

አፈርኩ። ስሌቴ ትክክል ነበር፤ ሰውን ግን አላነበብኩም። ጉድጓድ ደግሞ እንደ ድንኳን ተነቅሎ ሌላ ቦታ አይተከልም።

ያን ሌሊት ዮሐንስ ምዕራፍ 4ን ከፈትኩ። ጌታ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት ተቀምጧል። የሕይወት ውኃ ሰጪ የሆነው እርሱ ንግግሩን የጀመረው የሚጠጣ ውኃ በመለመን ነው። ሴቲቱ ስለ አባቶቿ ተራራ ስታነሣ ዝም አላሰኛትም። ኑሮዋን፣ የሕዝቧን ታሪክና የቆየውን ቁርሾ ያውቅ ነበር። እኔ የማውቀው የጉድጓዱን ጥልቀት ብቻ ነበር።

ዳንኤልና ጓደኞቹም የከለዳውያንን ጽሑፍና ቋንቋ ተምረዋል፤ ማስተዋሉን የሰጣቸው ራሱ እግዚአብሔር እንደ ነበር ዳንኤል 1፥17 ይነግረናል። ታዲያ እኔ ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍን፣ የሰውን ባህል ማጥናት እንደ ትርፍ ነገር የቆጠርኩት ለምንድን ነው? ባልንጀራዬን እንድወድ ታዝዣለሁ። የማላውቀውንና ልሰማው የማልፈልገውን ሰው እንዴት እወዳለሁ?

ዛሬ ካርታ ከመዘርጋቴ በፊት ከእናቶች ጋር እቀመጣለሁ። ማታ ማታ ታሪክና ልብ ወለድ አነባለሁ፤ በሌላ ሰው ጫማ ቆሞ ማሰብን ከእነርሱ እየተማርኩ ነው።

ኢንጂነሪንግ የምትማር ወንድሜ፣ የምትማሪ እህቴ ሆይ፣ ያን «ትርፍ» ኮርስ አትናቁት። ቀመሩ ውኃው የት እንዳለ ያሳያችኋል። የሚጠጣው ግን በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ሰው ነው።

ጌታ ሆይ፣ ለእጃችን ሙያ፣ ለጆሯችንም ትሕትና ስጠን። አሜን።