ዓይኔ እንጂ እጄ አልታወረም

አባቴን በነሐስ ለማሠራት ስንነሣ ከሁላችንም በላይ የሚያውቃቸውን ሰው መጠየቅ ረስተን ነበር። ጥፋቱ በዋናነት የእኔ ነው። ስንቱን አረጋዊ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ «ምን ይሰማዎታል?» ስል የኖርኩ ጡረተኛ ነርስ፣ የገዛ እናቴን ሳልጠይቅ ልቀር ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አባባ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። አባባ ነሐስ እያቀለጡ ለፉርጎ ኩሽኔታ የሚያፈስሱ ሰው ነበሩ። ማታ ሲገቡ ልብሳቸው ጢስ ጢስ ይላል፤ እማዬ ውኃ ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። በ1992 ዓ.ም. አረፉ።

ፎቶግራፎቻቸው ደቻቱ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው የታናሽ እህቴ ቤት ነበሩ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለድሬ ሰው አይነገርም። ለሌላው አንባቢ ግን ልናገር፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። እህቴና ልጆቿ ተረፉ፤ አልበሙ ሄደ። ጎረቤት ሰው በቀበረበት ሰሞን ስለ ፎቶ ማልቀስ ነውር መሰለንና ዝም አልን። የቀረችን በእማዬ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ የነበረች አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ናት። በ1960ዎቹ የተነሣች፣ አባባ ቀጥ ብለው ወደ ፊት የሚያዩባት።

ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ባለፈው ዓመት ደውሎ፣ «ጎርፍ የማይወስደው ነገር እናሠራላቸው» አለ። ነሐስ ሲያቀልጡ ለኖሩ ሰው የነሐስ ምስል ይገባቸዋል ነው ሐሳቡ። እኔ መጀመሪያ ገንዘቡ አሳዘነኝ፤ በዚያ ገንዘብ የስንት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፈናል! እሱ ግን ግማሹን ልክፈል አለ፤ የቀረውን እኔና እህቴ ተካፈልነው።

ቀራጺ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከመስማማቴ በፊት የቆሙትን እያየሁ አንድ ቀን ዋልኩ። ፒያሳ ላይ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ፤ ጣልያን አንሥቶት ከነጻነት በኋላ የተመለሰ። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው በወርቅ የተለበጠው አንበሳም ሮም ድረስ ተወስዶ የመጣ ነው። ነሐስን ጎርፍ ባይወስደውም ሰው ይወስደዋል ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። አፍሪካ ኅብረት ግቢ በ2011 ዓ.ም. የቆመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ደግሞ የአገራችን ቀራጺ የበቀለ መኮንን ሥራ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ለካስ ለእንዲህ ያለው ሥራ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም።

ያገኘሁት ቀራጺ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ጎልማሳ ነው። «ሲስተር፣ ይቀመጡ» ብሎ ሥራውን ደረጃ በደረጃ አስረዳኝ። መጀመሪያ ፊቱን በጭቃ ይሠራል። ጭቃው ላይ ጀሶ ይለጥፍና ቅርጹን ይወስዳል። በጀሶው ውስጠኛ ፊት ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰም ይቀባል። የሰሙን ፊት እሳት በሚችል ልባጥ ሸፍኖ ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ ከ1000 ዲግሪ በላይ የጋለ ነሐስ ይፈስሳል። «ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ እኮ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው፤ ሰሙ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል» አለኝ። እኔም በተራዬ ጀሶ ሲደርቅ እንደሚሞቅ ነገርኩት፤ የተሰበረ እጅ በጀሶ ስናስር በሽተኛው «ሲስተር፣ አቃጠለኝ!» ይል ነበር። ተሳሳቅንና ተግባባን።

ክፍያው ሦስት ጊዜ ሆነ፤ አንዱ ሲጀመር፣ ሁለተኛው ጭቃው ሲጸድቅ፣ ሦስተኛው ርክክብ ላይ። በጽሑፍ ተፈራረምን። ስንለያይ፣ «ጭቃውን ደኅና አድርጋችሁ እዩት። ጭቃ ይታረማል፤ ነሐስ ከሆነ በኋላ ማረም ጭንቅ ነው» አለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ የጭቃው ፎቶ በቴሌግራም መጣ። ቁርጥ የመታወቂያዋ ፎቶ! ወንድሜ አውራ ጣቱን አቆመ፤ እህቴም እኔም እንደዚያው። በማግስቱ ገንዘቡን ልልክ ተዘጋጀሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ቡና ላይ እማዬ፣ «እኔስ መቼ ነው የማየው?» አለች።

እማዬ 86 ዓመቷ ነው። ግላኮማ ዓይኗን ከወሰደባት ስምንት ዓመት አለፈ። ምን እንደምል ጠፋኝና፣ «እማዬ፣ አንቺ እኮ…» ብዬ አቆምኩ።

«ዓይኔ እንጂ እጄ አልታወረም» አለች።

ከዚያ በኋላ ቡናው አልጣመኝም። ስንት ጊዜ ሆድ በእጄ ዳስሼ እብጠት ያገኘሁ፣ ደም ሥር በጣቴ ፈልጌ መርፌ የወጋሁ ነርስ፣ እጅ እንደሚያይ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር? ሌሊቱን ለቀራጺው መልእክት ላክሁ፤ «ጀሶውን እንዳትጀምር፤ እናቴን ይዤ እመጣለሁ።»

በአዲሱ ባቡር ሄድን። እማዬ መንገዱን ሙሉ ጆሮዋን ሰጥታ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «አይንኳኳም። ኩሽኔታው የማን እንደሆነ እንጃ እንጂ ጥሩ ነው» አለች። የባቡር ሠራተኛ ሚስት!

ቀራጺው ጭቃውን በውኃ አርሶ፣ ወንበር አቅርቦ፣ «እማማ፣ እንዳሻዎት ይንኩት፤ ቢበላሽ እኔ አቃናዋለሁ» አላት። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ከአገጭ ጀመረች። ከንፈሩን፣ አፍንጫውን፣ ግንባሩን ዳሰሰች። ግራ ቅንድቡ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ተመለሰች፤ እንደገና ዳሰሰች።

«ጠባሳው የት ሄደ?»

ደነገጥኩ። በ1975 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ እሑድ፣ አባባ ጓሮ ውስጥ በከሰልና በወናፍ ነሐስ አቅልጠው ለእማዬ ዘነዘና ሊያወጡላት ሞከሩ። ዝናብ ስለነበር ማፍሰሻው ደኅና አልደረቀም። እርጥበት ያለበት ቦታ የቀለጠ ነሐስ ሲገባ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ነሐሱን ይተፋዋል። አባባ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ግን ቸኮሉ። ፍንጣሪው ከግራ ቅንድባቸው እስከ ጆሮ ግንዳቸው አቃጠላቸው። ገና የተመረቅሁ ነርስ ነበርኩ፤ ወር ሙሉ ቁስሉን ጠዋት ማታ ያጠብኩት እኔ ነኝ። በዚህች እጄ! ከዚያም ለ17 ዓመት ያንን ጠባሳ በየቀኑ አየሁት።

እንዴት ረሳሁት? እያደር ሳስበው ገባኝ። ከጎርፉ በኋላ ያንዲቱን ፎቶ ስናይ ኖርን፤ ፎቶዋ ቀስ በቀስ የአባባን ፊት ተካች። እማዬ ግን ፎቶ ማየት ካቆመች ቆይታለች። የእሷ አባባ በእጇ ውስጥ ነበሩ።

ቀራጺው ምንም አልተከፋም። እጁን ከእጇ ሥር አድርጎ፣ «እዚህ ጋ ነው? ጠለቅ ይበል?» እያለ እስከ ምሳ ድረስ ሠሩ። መንጋጋ ጥርሳቸው ከወለቀ በኋላ የጎደጎደውን ጉንጫቸውንም አስተካከለችለት። በመጨረሻ፣ «አሁን ተወው፣ ልጄ» አለችው።

አዲሱን ፎቶ ስልክ ወንድሜ ተቆጣ። «ይሄ አባባን አይመስልም! የቆሰለ ሽማግሌ ነው» አለ። ልፈርድበት አልቻልኩም። እሱ ከአገር የወጣው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ጠባሳውን ከነጭራሹ አላየውም። ግማሹን የሚከፍለውም እሱ ነው። እህቴ በመካከል ጭንቅ ገባት፤ እኔ ለሁለት ቀን ስልክ ለማንሣት ፈራሁ። በመጨረሻ እማዬ ስልኩን ተቀበለችኝ።

«አንተ የተሰናበትከው አባት ያኛው ነው፤ አይሰማኝም እንዳትል፣ ይሰማኛል» አለችው። «እኔ የቀበርኩት ግን ይህኛውን ነው። ያቺ ጠባሳ ደግሞ የእኔ ናት። ለእኔ ዘነዘና ሲሉ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እሺ እማዬ» ብሎ ዘጋ። በሳምንቱ ገንዘቡን ላከ፤ ስለ ምስሉ ግን ምንም አላነሣም።

ነሐሱ የፈሰሰ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ቀራጺው ልባጡን ቀናት ሙሉ በምድጃ ያደረቀው ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ መልሱን በአባባ ፊት ላይ አጥቤዋለሁ።

ምስሉ ድሬዳዋ ሲገባ ግቢያችን መካከል አቆምነው። ይሄም ስሕተት ነበር። የድሬ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ላይ ነሐሱን እንደ ምጣድ አጋለው። እማዬ ነክታው እጇን ቶሎ መለሰችና፣ «አባታችሁ ዛሬም ከሥራ መጡ» አለች። አሁን በረንዳው ጥላ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ወንበሯን አስጠግታ ትቀመጣለች።

እንዲህ ያለ ነገር ለማሠራት የምታስቡ ወላጆችና ልጆች ካላችሁ ከልምዴ የምላችሁ ትንሽ ነው። ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን። ጭቃውን በስልክ አታጽድቁ፤ ሄዳችሁ ዙሩት፣ ንኩት። ማስቀመጫውን አስቀድማችሁ ምረጡ፤ በቆላ አገር ጥላ ይኑረው። ከሁሉም በፊት ግን የቤቱን አሮጊትና ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። አያዩም፣ አይሰሙም፣ ይደክማቸዋል አትበሉ። ይህን ስል ለልጆች ብቻ አይደለም። እኛም ዕድሜያችን የገፋ «እኔስ?» ማለትን አንተው።

ወንድሜ ለገና እመጣለሁ ብሏል። ጠባሳውን ሲያይ ምን እንደሚል አላውቅም። እማዬ ግን ከወዲሁ፣ «ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍንና በእጁ ይየው» ብላለች።

ቸር እንሰንብት።