ከሉክሶር እስከ አስዋን

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ጓደኞቼ አስቀድመው፣ «ለመሆኑ የምሳውን ሒሳብ በዱቤ የሚያስጽፍ ልጅ ከየት አምጥቶ ነው በግብፅ ምድር በመርከብ የሚንሸራሸረው?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከገንዘቡ ልጀምር። ገንዘቡ የእኔ አይደለም። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከሠላሳ ዓመት በላይ በዋሽንግተን የኖሩ ሰው ናቸው። ከመሞቴ በፊት የፈርዖኖችን አገር ማየት አለብኝ ብለው ተነሡ፤ ዳሩ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ ሲወጡ ክንዳቸውን የሚይዝ፣ ሻንጣቸውንም የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። በሴሚስተሩ ዕረፍት እኔን አስከተሉኝ። በመርከቡ መዝገብ ላይ እንግዳ ተብዬ ተጻፍሁ እንጂ ሥራዬ የተሸካሚ ሥራ ነበር። ለእንዲህ ያለው ተሸካሚነት ከእናንተ መካከል እምቢ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ከመሄዳችን በፊት አያቴን ልንሰናበት ገባን። አያቴ የጎጃም ሰው ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ታላቅ ወንድማቸው በክረምት መውጫ በተነፋ ቆዳ ተደግፎ ዓባይን ሲሻገር ውሃው ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። በቤታችን ስለ እርሱ ሲነሣ «ሞተ» አይባልም፤ «ምስር ወረደ» ነው የሚባለው። እኔም ሕፃን ሳለሁ ምስር ማለት ያ ያላየሁት አጎት ለሥራ የሄደበት ከተማ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ ግንባሬን ስመው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ ውሃው እግር ሥር ልትደርስ ነው። አንድ ነገር አጣርተህ ንገረኝ፤ እዚያስ ያርፋል?» አሉኝ። ዓባይ ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ተረት አስበው ነው። አጎቴ ሳቁ። እኔ ግን አጣርቼ እነግርዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ስለ ሉክሶር ብዙ አልጽፍም። በመጻሕፍት ቤታችን የታሪክ መደርደሪያ ላይ ሥዕሉ ሞልቷል፤ የሥዕሉን ያህል ያምራል፣ ከሥዕሉ ይልቅ ይሞቃል። በካርናክ አዳራሽ ውስጥ 134 ዓምዶች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አሥራ ሁለቱ ሃያ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በዚያ ጥላ ሥር የሚራመድ ሰው ድምፁን ሳያስበው ዝቅ ያደርጋል። በሉክሶር ቤተ መቅደስ ደጅ ደግሞ ጥንድ ሆነው የተተከሉት ሐውልቶች ዛሬ አንድ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1836 ጀምሮ በፓሪስ አደባባይ ቆሟል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ የእኛ ነው ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የቀረውን ባዶ ቦታ ሳይ የአክሱም ሐውልት ትዝ አለኝ። የእኛው በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008ም በቦታው ቆመ። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ለአስጎብኚው እንድደግምለት አዘዙኝ፤ አስጎብኚው ግን ሰዓቱን እያየ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ብሎ አለፈ።

በምዕራቡ ዳርቻ ከነገሥታቱ መቃብር ይልቅ ልቤን የሳበው የንግሥት ሐትሼፕሱት መቅደስ ነው። ይህች ንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ፑንት ወደሚባል አገር መርከቦች ልካ ነበር፤ የጉዞው ታሪክ በግድግዳው ላይ ተቀርጿል። ሰዎች የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት አድርገው ተሸክመዋል፤ በእንጨት ቋሚ ላይ የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ የፑንት አለቃም ከሚስቱ ጋር እንግዶቹን ይቀበላል። ፑንት የት እንደ ነበር ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን በቀይ ባሕር ደቡባዊ አቅጣጫ፣ በዛሬዎቹ በሱዳን፣ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያና በሶማልያ አካባቢ ይፈልጉታል። እኔ በበኩሌ የዕጣኑን ዛፍ ካየሁ በኋላ የእኛ ነው ብዬ ወስኛለሁ። የታሪክ መምህራችን ይህን እንዳያነቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

መርከቢቱ ባለ አራት ፎቅ ተንሳፋፊ ሆቴል ናት። በመጀመሪያው ማታ እራት ላይ ሳህን የሚያቀርብልን ጠይም ረጅም ወጣት ፊታችንን አየት አድርጎ፣ «ሐበሻ?» ሲል ጠየቀ። አጎቴ ቀና ሳይሉ፣ «አሜሪካ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ራሴን ነቀነቅሁ።

ውሸት መሆኑን ማብራራት አያስፈልግም። በኪሴ ያለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ አሜሪካን አይቼ አላውቅም። አጎቴ ክፍላችን ስንገባ ምክንያታቸውን ነገሩኝ። «ስለ ግድቡ ክርክር መስማት አልፈልግም፤ ዕረፍት ነው የመጣሁት» አሉ። እውነት አላቸው። ግድባችን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስከ ተመረቀበት ድረስና ከዚያም ወዲህ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ሲያከራክር የኖረ ነው። እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ ከምሳ ገንዘቤ ለዚያ ግድብ ያዋጣሁ ሰው ነኝ። በየክርክሩ መድረክ ስለ ዓባይ እንደ አንበሳ ሳገሣ ያያችሁኝ አላችሁ። ያ ሁሉ ግሣት በዓባይ ላይ፣ በአንድ ሾርባ ፊት፣ ጠፋ። ሌሊቱን የሞተሩን ድምፅ እየሰማሁ ነቅቼ አደርሁ።

በማግሥቱ ኤስና ደረስን። እዚያ ወንዙ በግድብ የተከፈለ ስለሆነ መርከቢቱ በጠባብ የውሃ ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ውሃው ከፍ ሲል አብራ ከፍ ትላለች። ተራ ስንጠብቅ በትናንሽ ጀልባ የመጡ ነጋዴዎች ከበቡን። ቀሚስና የጠረጴዛ ጨርቅ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው እስከ ላይኛው ፎቅ ይወረውራሉ፤ የወደደ ገንዘቡን በከረጢቱ አድርጎ መልሶ ይጥላል፤ ያልወደደ ዕቃውን ይመልሳል። የተወረወረ ሁሉ ግቡን ሲመታ ሳይ የእኛ የቅርጫት ኳስ ቡድን ለልምምድ ወደዚህ ቢላክ ብዬ አሰብሁ። በኤስና ከተማ ያለው መቅደስ የክኑም ነው። የጥንት ግብፆች ይህ አምላክ ሰውን በሸክላ ሠሪ መንኰራኵር ላይ ከጭቃ ያበጀዋል ይሉ ነበር።

ስለዚህ ጭቃ ትንሽ ልበል። ዓባይ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ ነፋሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። በዚህም ምክንያት የጥንት ሰዎች ሲወርዱ በውሃው፣ ሲወጡ በነፋሱ ይጓዙ ነበር፤ በጽሕፈታቸውም ወደ ደቡብ መሄድን ሸራዋን በዘረጋች ጀልባ ይሥሉት ነበር። አገራቸውን ደግሞ «ጥቁሪቱ» ብለው ይጠሩ ነበር። ጥቁርነቱ የአፈሩ ነው። አፈሩንም በየዓመቱ በክረምት እየጠረገ የሚያመጣላቸው ከእኛ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ነበር፤ አስዋን ከሚደርሰውም ውሃ ከመቶው 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይ፣ በባሮና በተከዜ በኩል የሚመጣ ነው። በላይኛው ፎቅ ተቀምጬ ሁለቱን ዳርቻ ሳይ፣ ለምለሙ መሬት ቀጭን መቀነት ነው፤ ሸንኮራ፣ ቴምር፣ በርሲም የሚሉት የከብት መኖ። ከዚያ ወዲያ ወዲያውኑ በረሃ። ያ መቀነት የተሠራው ከሌላ ሰው ማሳ በታጠበ አፈር ነው። ከአያቴም ወንድም ማሳ ይሆናል። እርሱ በተወሰደበት ዘመን የአስዋን ትልቁ ግድብ ገና አልተጀመረም፤ ጎርፉ እስከ ባሕሩ ድረስ ይወርድ ነበር። ስለዚህ «ምስር ወረደ» የተባለው ልቅሶን ለማቅለል ብቻ የተፈጠረ አነጋገር ላይሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብሁ። የሸንኮራውን ማሳ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልሁም።

ኤድፉን በፈረስ ጋሪ ሄደን አየን፤ ከሁሉ ይልቅ ሳይፈርስ የቆየው መቅደስ እርሱ ነው፤ ለመሥራት ከ237 እስከ 57 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ መቶ ሰማንያ ዓመት ፈጅቷል። የአጎቴ ጉልበት እዚያ ተስፋ ቆረጠ። በኮም ኦምቦም የአዞ ሬሳ እንደ ንጉሥ ተገንዞ አየሁ፤ አጎቴ ከመርከቢቱ አልወረዱም።

ማታውን እርሳቸው ተኝተው ሳለ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ያ ወጣት ወንበር ያጥፍ ነበር። የከተማውን መብራት እያሳየኝ፣ «ቤታችን በዚያ በኩል ነው፤ አገራችን ግን እዚያ አይደለም» አለኝ በእንግሊዝኛ። ኑብያዊ ነው። በ1963 እና በ1964 ትልቁ ግድብ ሲሠራ ሃምሳ ሺህ ያህል የግብፅ ኑብያውያን ከወንዙ ዳር ተነሥተው በኮም ኦምቦ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። የአያቱ መንደር ዛሬ ከሐይቁ በታች ነው። «የአቡ ሲምበልን ነገሥታት ድንጋይ በድንጋይ ቆርጠው ኮረብታ ላይ አወጧቸው፤ የእኛ አያቶች መቃብር እዚያው ቀረ» አለ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ወንበሩን ማጠፍም አላቆመም።

እኔም ያን ጊዜ፣ «ሐበሻ ነኝ፤ ያን ዕለት ዋሽቼሃለሁ» አልሁት።

እርሱ ሳቀ። «እሺ» አለኝ በአማርኛ። ኩዌት ሠርቶ ስለነበር ከእኛ ሰዎች ጋር በአንድ ወጥ ቤት ሁለት ዓመት ውሏል፤ ከአጎቴ ጋር የምንነጋገረውን ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይሰማ ኖሯል። የደበቅሁት ነገር በእርሱ ዘንድ ተደብቆ አያውቅም። ከዚያ ጠየቀኝ፣ «ግድባችሁ ሞላ?» «ሞላ።» «እዚያስ የነበሩ ሰዎች ወዴት ሄዱ?»

በጉባ አካባቢ መንደሮች እንደ ተነሡ አውቃለሁ፤ በጋዜጣ አንብቤአለሁ። ነገር ግን ወዴት እንደ ሄዱ፣ እንዴትስ እንዳሉ ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ክርክር አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ አልወጣም። ግድቡ ይገባናል ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ፤ ለእርሱም እንዲሁ አልሁት። እርሱም፣ «ለእኛም እንደዚሁ ነበር ያሉን፤ ደግሞም መብራቱ መጥቷል» ብሎ ወደ አምፖሎቹ ጠቆመኝ። የቀረውን ወንበር አብረን አጠፍን።

አስዋን ላይ በኤለፋንታይን ደሴት የጎርፍ መለኪያውን አየሁ። ወደ ውሃው የሚወርድ ደረጃ ነው፤ በግድግዳው ላይ የከፍታ ምልክት ተቀርጿል፤ ሹማምንቱ የዓመቱን አዝመራና ግብር በዚያ ይገምቱ ነበር። በፊሌ መቅደስ ደግሞ በአማልክቱ ሥዕል አጠገብ ክርስቲያኖች የቀረጹት መስቀል አለ፤ አጎቴ ተንበርክከው ሊሳለሙት ሲሉ ጉልበታቸው ስለከለከላቸው በእጃቸው ዳስሰው እጃቸውን ሳሙ። ይህም መቅደስ ከውሃ ለማዳን ከ1972 እስከ 1980 ወደ ሌላ ደሴት የተዛወረ ነው። በመጨረሻ ወደ ትልቁ ግድብ ወሰዱን። 111 ሜትር ከፍታ፣ አራት ኪሎሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርዝመት አለው። ከበስተ ደቡቡ ሐይቁ አምስት መቶ ኪሎሜትር ያህል እስከ ሱዳን ድረስ ተዘርግቷል፤ አይንቀሳቀስም፤ ከተራሮቻችን የመጣው ጭቃ ከሥሩ ይዘቅጣል።

አጎቴ ከካይሮ ወደ አሜሪካ በረሩ፤ እኔ ወደ ቤት ተመለስሁ። አያቴ ቡና አስፈልተው ጠበቁኝ። «እህሳ፣ ያርፋል?» አሉኝ። ያርፋል አልኋቸው፤ ዛሬ አስዋን ላይ ሲደርስ ይተኛል። «በማን አገር ላይ ነው የሚተኛው?» አሉ። ስለ ኑብያዊው ልጅና ስለ አያቱ መንደር ነገርኋቸው። ሲኒውን አስቀመጡና ዝም አሉ።

«የአያቱ ስም ማነው? ወንድሜን ሳስብ አብሬ ላነሣቸው» አሉኝ።

«እማማ፣ እስላም ናቸው» አልሁ።

«እኔ ስማቸውን ነው የጠየቅሁህ» አሉ።

አልጠየቅሁትም ነበር።